ላዳ 2107፦ በ80 ላይ የሚመጣ ንዝረት (የሥራ ሂደት ማስታወሻ)

መኪናው፦ ላዳ 2107፣ 1.5 ሊትር፣ ባለ 4 ማርሽ። ቀድሞ ታክሲ፣ አሁን የቤት መኪና።
ቦታ፦ ገላን።
ቅሬታ፦ ከ70 በላይ ወንበርና ወለል የሚያርገበግብ ንዝረት። ከቆመበት ሲነሳ ደግሞ አጭር መንዘፍዘፍ።

ከሦስት ወር በፊት ሌላ ቦታ ፍሪሲዮን ተቀይሮለታል። ንዝረቱ ከዚያ ወዲህ ነው። አራት አዲስ ጎማ ተገዝቷል፣ ባላንስ ሁለቴ ተሠርቷል፣ ለውጥ የለም። ባለቤቱ «ክሮቼራው ይቀየርልኝ» ብለው ነው ያስገቡት፤ ክሮቼራ የሻፍቱ ባለ መስቀል መጋጠሚያ ነው፣ ሻፍት ደግሞ ከካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደው ዘንግ። ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ቡሎን ከመፈታቱ በፊት የሚነዝረው ነገር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚዞር መታወቅ አለበት። ጎማ፣ ሻፍትና ሞተር በአንድ ፍጥነት ላይ የሚዞሩት በተለያየ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከተገኘ ሦስት አራተኛው ፍለጋ አለቀ። በግምት ዕቃ መቀየር ባለቤቱን አራት ጎማ አስከፍሏል።

ቅዳሜ ረፋድ፣ መንገድ ሳይወጣ

የጎማ ንፋስ በቀዝቃዛው ተለካ። አራቱም 36 ፒኤስአይ። ጎሚስታ ቤት ሁሉንም እኩል ሞልቶ መልቀቅ ልማድ ሆኗል። ለዚህ መኪና ፊት 23፣ ኋላ 28 ነው። ከዚያ በላይ የተነፋ ጎማ የኮብልስቶኑን እያንዳንዱን ጥርስ ወደ ወንበር ስለሚያመጣ ፍለጋውን ያደናግራል። ተስተካከለ።

ቀጥሎ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛው ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ነው። ጎማውም መሬቱም በጠመኔ ተሰመሩ፣ ሹፌር ተቀምጦበት መኪናው በእጅ 5 ዙር ተገፋ፣ ርቀቱ በሜትር ተለካ፦ 8.75 ሜትር። ስለዚህ በዙር 1.75። ጎማው ላይ ከተጻፈው መጠን (175/70 አር 13) ብቻ ቢሰላ 1.81 ይመጣ ነበር፤ ክብደት ያለበት ጎማ ግን ከሥሩ ስለሚረግብ ያንን ያህል አይሄድም።

ሁለተኛው የዲፈረንሻሉ ሬሾ ነው፤ ጎማዎቹ አንድ ዙር ሲዞሩ ሻፍቱ ስንት ጊዜ እንደሚዞር። እነዚህ ላዳዎች 4.3፣ 4.1 ወይም 3.9 ይዘው ይገኛሉ። ስንት እጅ ባለፈ ታክሲ ላይ ከፋብሪካ የመጣው ዲፈረንሻል አሁንም ውስጡ አለ ብሎ ማመን የዋህነት ነው፤ መቁጠር ይሻላል። አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ተነሣ፣ ሌላው መሬት ላይ ሆኖ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ተደረገለት፣ የፊቶቹም እንዲሁ። ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ተፈታ። የተነሣው ጎማ 10 ዙር ሲዞር ሻፍቱ 20 ዙር ተኩል ዞረ። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ብቻ ሲዞር የዲፈረንሻሉ ትልቁ ጥርስ የሚያገኘው ግማሹን ስለሆነ 20.5 ለ5 ይካፈላል። 4.1 ነው።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው፣ በሰከንድ፦

60 ኪ.ሜ፦ ጎማ 9.5 ዙር፣ ሻፍት 39
80 ኪ.ሜ፦ ጎማ 12.7፣ ሻፍት 52
90 ኪ.ሜ፦ ጎማ 14.3፣ ሻፍት 58.6
100 ኪ.ሜ፦ ጎማ 15.9፣ ሻፍት 65

ክሮቼራ በተጣመመ ማዕዘን ሲሠራ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚገፋ የእሱ ቁጥር የሻፍቱ እጥፍ ነው፤ በ80 ላይ 104። ይህ በእጅ ከሚዳሰስ ይልቅ እንደ ጉምጉምታ በጆሮ ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የዚህ ካምቢዮ 4ኛ ማርሽ ቀጥታ ነው፣ አንድ ለአንድ። በ4ኛ ማርሽ በ80 ሲነዳ ሞተሩም ሻፍቱም በሰከንድ 52 ጊዜ ነው የሚዞሩት፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,125 ላይ ማለት ነው። ስለዚህ በ4ኛ ብቻ ሞክሮ «ሻፍት ነው» ማለት አይቻልም። 3ኛ ማርሽ 1.36 ስለሆነ በዚያው 80 ላይ ሞተሩን ወደ 4,250 ይወስደዋል፣ በሰከንድ 71 ገደማ። ንዝረቱ እዚያው 52 ላይ ከቆየ ሞተሩ ነጻ ነው።

እሑድ፣ ከማለዳው 12፡30

ጋራዡ ዝግ ነው፤ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ግን በዚህ ሰዓት ባዶ ስለሚሆን ሙከራው ለዛሬ ተቀጠረ። ከቱሉ ዲምቱ ተገብቶ ቢሾፍቱ መውጫ ላይ ተዞረ። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ አይቆጠርም፤ ሌሊቱን የቆመ ጎማ ከሥሩ ጠፍጠፍ ስለሚል ካልሞቀ የራሱን ንዝረት ይጨምራል።

ፍጥነቱ ከስልክ ጂፒኤስ ነው የተወሰደው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው 80 ሲል እውነቱ 74 ነበር። በዚያ ተሰልቶ ቢሆን ቁጥሮቹ ሁሉ ይሳሳቱ ነበር።

ሙከራ 1፣ በ4ኛ ማርሽ ከ50 ቀስ ብሎ ወደ 95፦ ንዝረቱ 72 ላይ ጀመረ፣ 84 አካባቢ ከረረ፣ ከ92 በኋላ ትንሽ ለዘብ አለ።
ሙከራ 2፣ በ85 ፍሪሲዮን ተረግጦ ዜሮ ማርሽ፦ ንዝረቱ አልጠፋም፣ በጥቂቱ ቀነሰ። ቁልፍ መዝጋት ግን አይገባም፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል፣ ፍሬኑም እገዛውን ያጣል።
ሙከራ 3፣ በ80፣ በ3ኛ ማርሽ፦ የሞተሩ ጩኸት ጨመረ፣ ንዝረቱ ባለበት ቆየ።

ሞተሩ ወጣ። በዚህ ከፍታ ካርቡሬተር ላይ የሚታየው የቤንዚን መብዛትና በሚኒሞ ላይ ያለው መንገጫገጭ የዚህ ጉዳይ አካል አይደለም፤ ሌላ ቀን ይታያል።

ከዚያ የስልክ ንዝረት መለኪያ። ስልኩ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ስፖንጁ ይውጠዋል። ምንጣፉ ተገልጦ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ያለው ላሜራ ላይ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ተለጠፈበት።

በ80 ላይ የአፑ ግራፍ ሁለት ጫፍ አወጣ። ትንሹ 12.7፣ ጎማ። ትልቁ 48። ሰሌዳው ላይ 48 የሚባል ነገር የለም። ሬሾው ተሳስቶ ይሆን ተብሎ 3.9 ቢሞከር 49.5፣ እሱም አይገጥምም። መኪናው ወደ 90 ሲወጣ ደግሞ ትልቁ ጫፍ ወደ 41 ወረደ። ፍጥነት ሲጨምር የሚቀንስ ንዝረት የለም! ችግሩ መኪናው ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ ነው። ይህ ስልክ በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ ነው የሚለካው፤ እንዲህ ያለ መለኪያ ከ50 በላይ ያለውን ማየት ስለማይችል ወደ ታች አጥፎ ያሳየዋል። 100 ሲቀነስ 52፣ 48። 100 ሲቀነስ 58.6፣ 41.4። ገጠመ። በሰከንድ 400 ጊዜ በሚለካ ሌላ ስልክ ተደገመ፤ በ80 ላይ 52፣ በ90 ላይ 58 ተኩል። ከመነሣት በፊት አፑ ውስጥ የልኬቱን ብዛት ማየት ይህን የግማሽ ሰዓት ግራ መጋባት ያስቀር ነበር።

መነሻ ልኬት በ80 ላይ፣ በሜትር በሰከንድ ካሬ፦ ሻፍት 2.6፣ ጎማ 0.5።

ሰኞ፣ ከሥር

መኪናው በብረት መቆሚያ ላይ ወጣ። መቆሚያዎቹ የገቡት ከቦዲው ሥር ሳይሆን ከኋላው አክስል ሥር ነው፤ አክስሉ ከተንጠለጠለ የሻፍቱ ማዕዘን መንገድ ላይ ካለው ይለያል፣ የሚለካውም ሁሉ ውሸት ይሆናል። የኋላ ጎማዎች ወለቁ፤ የፍሬኑ ታምቡር በራሱ ሁለት ፒን ስለተያዘ አይወድቅም። ሞተር ተነሥቶ በ4ኛ ማርሽ ወደ 80 ሲወሰድ ንዝረቱ ያለ ጎማም መጣ። አዲሶቹ ጎማዎች ጥፋት የለባቸውም።

በዚህ ሙከራ ጊዜ ማንም ከሥር አይገባም። ሁለቱም ታምቡሮች እኩል መዞራቸው ይታያል፤ አንዱ ከተያዘ ሌላው በእጥፍ ይሮጥና የዲፈረንሻሉን ትንንሽ ጥርሶች ይበላል። ማቆምም በፍሬን ሳይሆን ቤንዚን ለቆ በማርሽ ነው።

ሞተር ጠፍቶ የተገኘው፦

የካምቢዮው የኋላ ፓራኦሊዮ (የዘይት መከላከያ ቀለበት) ያፈሳል። ዘይቱ በቀጥታ ካምቢዮውንና ሻፍቱን በሚያገናኘው ባለ ስድስት ማዕዘን ጎሚኒ (የጎማ መጋጠሚያ) ላይ ነው የሚረጨው። ከስድስቱ ሁለቱ አብጠዋል፣ አንዱ ከቡሎኑ ዙሪያ ተሰንጥቋል። ጎሚኒ ሲያብጥ የሻፍቱን ጫፍ ከመሐል ያወጣዋል። ጎሚኒውን ብቻ ቀይሮ ፓራኦሊዮውን መተው ከስድስት ወር በኋላ ወደዚሁ ቦታ መመለስ ነው።

የመሐል ተሸካሚው ኩሽኔታ ሲዞር ያጉረመርማል። ተሸካሚው የተያዘበት ላስቲክ ጎማ ረግቧል፤ በእጅ ሲነሣ ከአንድ ጣት በላይ ይሄዳል። ሲነሳ የሚያንዘፈዝፈው በአብዛኛው ይህ ነው፤ ሞተሩ ሲጎትት የመሐሉ መጋጠሚያ ወደ ላይ ይዘልላል።

ክሮቼራዎቹ ተጨብጠው ሲጠመዘዙ ሁለቱም አይንኳኩም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ሻፍቱ ወርዶ የኋላው መጋጠሚያ በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ ግን ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ያህል ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። ውስጡ ያሉት የኩሽኔታ መርፌዎች የመስቀሉን እግር ቀርጸውታል። የፊተኛው እንደ ቅቤ ይዞራል። ባለቤቱ በግማሽ ልክ ነበሩ።

ሻፍቱ ሳይወርድ በፊት በሁሉም መጋጠሚያ ላይ በፑንታ (ብረት ላይ ምልክት መምቻ) ነጥብ መመታት አለበት። እዚህ መኪና ላይ ግን ነጥብ ስንመታ ነው ዋናው ነገር የታየው። የዲፈረንሻሉ ፍላንጃ (ሻፍቱ የሚታሰርበት ክብ ብረት) በሽቦ ብሩሽ ሲጸዳ የድሮ ነጥብ ወጣ፤ የሻፍቱም ፍላንጃ ላይ እንዲሁ። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች። ፍሪሲዮኑ ሲቀየር ሻፍቱ ወርዶ ግማሽ ዙር ተገልብጦ ገብቷል። የዚህ መኪና የኋላ ሻፍት ሁለቱም ሹካዎች ቱቦው ላይ የተበየዱ ስለሆኑ እርስ በርስ አይዛነፉም። ነገር ግን ፋብሪካው ባላንስ ያደረገው ጠቅላላውን አንድ ላይ አድርጎ ነው፤ ቦታ መቀያየር ያንን ያፈርሰዋል።

ላዳ የፊያት 124 ልጅ ነው። ጋራዡ ውስጥ ያለው የጣሊያን ቃል ሁሉ ያለ ችግር ይገጥመዋል፤ ክሮቼራውም ፍላንጃውም አባቱ ቤት እንዳለ ነው።

ማክሰኞ

አንድ ነገር ብቻ ተቀየረ፤ ፍላንጃው ግማሽ ዙር ተመልሶ ነጥብ ለነጥብ ገጠመ። አራቱ ዳዶዎች አዲስ፣ ራሳቸውን የሚቆልፉ፣ 30 ኒውተን ሜትር አካባቢ። ያው መንገድ፣ ያው 80። ሻፍት ከ2.6 ወደ 1.5 ወረደ። ዕቃ ሳይገዛ። አንድ አንድ እያሉ መቀየር ጊዜ ይወስዳል፤ ሁሉም በአንዴ ቢቀየር ግን የትኛው እንደፈወሰው አይታወቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ፍለጋ፣ ሶማሌ ተራ። ዋጋ እዚህ አይጻፍም፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይለያያል። የተገዛው፦ አንድ ክሮቼራ፣ አንድ የመሐል ተሸካሚ ከነጎማው፣ አንድ ጎሚኒ፣ ፓራኦሊዮ። የተሸካሚው ጎማ ደህና ሆኖ ኩሽኔታው ብቻ ቢያልቅ 25 በ52 በ18 የሆነ፣ ሁለት በኩል የተሸፈነ 62205 ኩሽኔታ የትም ኩሽኔታ መሸጫ ይገኛል።

ረቡዕ፣ ክሮቼራ

ቀላል የሚመስል ሥራ ነው፤ አብዛኛው ሻፍት የሚበላሸውም እዚህ ነው።

አሮጌዎቹ የመያዣ ቀለበቶች አልተጣሉም። ፋብሪካው በአምስት ውፍረት ነው የሚሠራቸው፣ ከ1.50 እስከ 1.62 ሚሊ ሜትር፣ በ0.03 እየጨመረ። ከአዲሱ ክሮቼራ ጋር የሚመጡት ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። መስቀሉ ጫፍ ከጫፍ ሊኖረው የሚገባው ክፍተት ከ0.01 እስከ 0.04 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ከሰፋ መስቀሉ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ትንሽ ይመስላል፤ ይሰላ። በዚያ ጫፍ የሻፍቱ ድርሻ 3 ኪሎ ቢሆን በ0.1 ሚሊ ሜትር ከመሐል መውጣቱ 35 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ባለው ቱቦ ላይ 8 ግራም ተኩል እንደ መለጠፍ ነው። የባላንስ መዛባት ሙሉ በሙሉ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

መርፌዎቹን የያዙት ቆቦች በሞርሳ ተገፉ እንጂ በመዶሻ አልተመቱም። እያንዳንዱ ቆብ ውስጥ 1 ግራም ያህል ግሪስ ብቻ፤ ሞልቶ ከተጨናነቀ ቆቡ እስከ ጥጉ አይገባም። ሁለተኛው ቆብ ሊገባ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቆመ። እዚህ ላይ መዶሻ የሚያነሣ ብዙ ነው። ቆቡ ሲወጣ አንዲት መርፌ ወድቃ መሬቱ ላይ ተጋድማለች። መርፌዋ በግሪስ ተለጥፋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ ቆቡ በጣት ግፊት ገባ። በመዶሻ ቢሆን መርፌዋ ትሰበር፣ ክሮቼራው ከሳምንት አይዘልም ነበር።

ቀለበቶቹ በማይክሮሜትር ተመርጠው በሁለቱም በኩል 1.56 ገባ። ሁለቱ ወገን እኩል ውፍረት ይሁን፤ ጠቅላላው ልክ ሆኖ አንዱ ከወፈረ ሻፍቱ ከመሐል ወጥቷል። መጨረሻ ላይ ሹካው በመዳብ መዶሻ ቀለል ተደርጎ ተመታ፣ ቆቦቹ ወደ ቀለበቱ እንዲጠጉ። ሻፍቱ በአንድ ጫፍ ተይዞ ሲንጠለጠል ሌላው ጫፍ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ልክ ነው።

ጎሚኒው ከነብረት ቀበቶው መጣ። ቀበቶው የሚቆረጠው ስድስቱም ቡሎኖች ገብተው ከጠበቁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከተቆረጠ ጎሚኒው ይለጠጥና ቡሎኖቹ ቀዳዳ አያገኙም፤ በግድ ሲገቡም ክሩ ይላጣል። ቀበቶ የሌለው ጎሚኒ ከሆነ ትልቅ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀበቶ) ዙሪያውን ይጠብቅበት።

ፓራኦሊዮው ተቀየረ። ካምቢዮው 1.35 ሊትር ጂኤል 4 ዘይት ይይዛል። የዲፈረንሻሉን ጂኤል 5 እዚህ መጨመር የተለመደ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ተጨማሪ ኬሚካል የካምቢዮውን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። ዲፈረንሻሉ 1.3 ሊትር፣ ዘይቱ ንጹሕ ነበር፣ አልተነካም። የፒኞኑ (ሻፍቱ የሚያዞረው የዲፈረንሻሉ ትንሽ ጥርስ) ዳዶም አልተነካም። ልቅነት የለውም፤ ድምፅም የለውም። ከሥሩ ያለው ቱቦ አንዴ ተጨፍልቆ ልኩን የያዘ ስለሆነ «ትንሽ ላጥብቀው» የሚባል ነገር የለም። ኩሽኔታው ይቃጠላል።

የመሐሉ ተሸካሚ ሁለት ቡሎኖች መጀመሪያ በእጅ ብቻ ተያዙ። ሻፍቱ ጥቂት ዙር ከዞረና ጎማው ሳይጠመዘዝ ቦታውን ከያዘ በኋላ ጠበቁ።

ሐሙስ፣ ማዕዘን

በ80 ላይ ሻፍት 0.9። ሲነሳ ያለው መንዘፍዘፍ በጣም ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። 104 ላይ ደግሞ እስካሁን ያልታየ ጫፍ ጎልቶ ወጣ። የክሮቼራ ማዕዘን ነው።

የኋላ ሞላዎቹ ላይ 30 ሚሊ ሜትር የብረት ማስረዘሚያ ገብቷል። ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር የሚገባው ፒስታ ዝቅ ያለ መኪና ስለማያሳልፍ በዚህ አካባቢ ብዙ ላዳ እንዲህ ነው። አክስሉ ከቦዲው ሲርቅ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አብሮ ይዞራል።

ማዕዘኑ በስልክ ደረጃ መለኪያ ተወሰደ፣ መኪናው በአክስሉ እንደቆመ፦ የፊት ሻፍት ሥር፣ የኋላ ሻፍት ሥር፣ የዲፈረንሻሉ ፍላንጃ ፊት ላይ። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት የክሮቼራው ማዕዘን ነው። የመሐሉ 3.0 ዲግሪ፣ የኋላው 4.5። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ አንዱ ያዛነፈውን ሌላው ይመልሰው ነበር፤ ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። የማዕዘኑ ጉዳት በካሬ ነው የሚያድገው፤ ከ3 ወደ 6 ዲግሪ ሲሄድ የፍጥነቱ መዋዠቅ ከ0.14 ወደ 0.55 በመቶ፣ አራት እጥፍ ገደማ ይደርሳል።

ማስረዘሚያዎቹ ወጥተው በምትካቸው አዲስ የፋብሪካ ልክ ሞላ ገባ። አሮጌዎቹ ከረገቡ ቆይተዋል፣ ለዚህ ነው ማስረዘሚያ ያስፈለገው። መኪናው ከድሮው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ አለ። ከአክስሉ ዘንጎች ጎሚኒዎችም ሁለቱ ተቀደው ነበር፣ ተቀየሩ፤ የእነሱ ቡሎኖች የሚጠብቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው፣ አለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይኖራል። አዲሱ ልኬት፦ የመሐል 1.0፣ የኋላ 1.2። ፈጽሞ ዜሮም አይፈለግም፤ ክሮቼራ ጥቂት ካልታጠፈ መርፌዎቹ ሳይዞሩ አንድ ቦታ ይቆፍራሉ።

መነሻው ላይ ያለው መንዘፍዘፍ ጠፋ። 104 ጸጥ አለ።

ዓርብ፣ ፋሼታ

የቀረው የሻፍቱ የራሱ ባላንስ ነው። መኪናው እንደገና መቆሚያ ላይ፣ ጎማዎች ወልቀው። የመቆሚያ ላይ ልኬት ከመንገዱ ጋር አይወዳደርም፣ ከራሱ ጋር ብቻ ነው። መነሻ፦ 0.90።

የኋላ ሻፍቱ የኋላ ጫፍ ዙሪያው በጠመኔ አራት ቦታ ተከፈለ፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4። አንድ ፋሼታ ጭንቅላቱ በየተራ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ሆኖ ጠበቀ። የተረፈው ምላሱ ተቆርጧል፣ ካልሆነ ይገርፋል። በእያንዳንዱ ላይ ሞተር ተነሥቶ ወደ ተመሳሳይ ፍጥነት ተወስዶ ተለካ፣ ከአንድ ደቂቃ ሳያልፍ።

ቁጥር 1፦ 1.33
ቁጥር 2፦ 1.14
ቁጥር 3፦ 0.50
ቁጥር 4፦ 0.86

መታመኑን መፈተኛ አለ፤ የተቃራኒዎቹ ካሬ ድምር እኩል መምጣት አለበት። 1 እና 3፦ 2.02። 2 እና 4፦ 2.04። ይበቃል። በጣም ከተራራቁ ፍጥነቱ በአንዱ ሙከራ ላይ ተለይቷል፣ ወይም ፋሼታው ተንሸራቷል።

3 ከሁሉ ያንሳል፣ 4 ደግሞ ከ2 ያንሳል፤ ስለዚህ ቀላሉ ወገን ከ3 ትንሽ ወደ 4 ያደላ ነው፣ 20 ዲግሪ ያህል። ጭንቅላቱ እዚያ ሲሄድ 0.46። ሁለተኛ ፋሼታ ጭንቅላቱ ከመጀመሪያው ጎን ሲጨመር 0.14። ሁለቱን ጭንቅላቶች ወዲያና ወዲህ ማራራቅ ክብደቱን ማሳነሻ ነው፤ እዚህ አላስፈለገም።

የተቆረጠ የፋሼታ ጭንቅላት በወርቅ ቤት ሚዛን 9 ግራም መዘነ። ቀበቶው ዙሪያውን እኩል ስለሆነ አይቆጠርም። ስለዚህ 18 ግራም ላሜራ በዚያው ነጥብ ይበየዳል። ብየዳው ሁለት አጭር ነጥብ ብቻ፣ ቱቦው ሙቀት አግኝቶ እንዳይጎብጥ፤ የብየዳው መሬት ገመድ እዚያው ቱቦ ላይ ከጎኑ ይታሰር። ቦዲ ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በክሮቼራው መርፌዎችና በዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ በኩል ያልፍና ይበላቸዋል።

ቅዳሜ

ጎማ፣ ለመጨረሻ። 12.7 ላይ ያለው 0.5 አሁን ሻፍቱ ጸጥ ስላለ ይሰማል። ቸርኬዎቹ በዳያል ጌጅ ተፈተሹ። የኋላ ግራው ወደ ጎን 2.6 ሚሊ ሜትር ይዋልላል፣ ሦስቱ ከ1 በታች። ኮብልስቶኑ ጠርዝ ላይ መትቶታል። ሁለት ጊዜ የተሠራው ባላንስ ለዚህ ነው ያልያዘው፤ የተጣመመ ቸርኬ ላይ እርሳስ ቢለጠፍ ክብደቱ ይስተካከላል፣ መዋለሉ ግን አይቀርም። ጎማው ወደ ተጠባባቂው ቸርኬ ተዛወረ፣ ባላንስ ተሠራ፣ ቡሎኖቹ በመስቀል ቅደም ተከተል 65 ኒውተን ሜትር።

በማግስቱ ከማለዳው 12፡30፣ ያው መንገድ፣ በ80፦ ሻፍት 0.2፣ ጎማ 0.15። በ100፦ ሻፍት 0.3።

65 ላይ አጭር ጉምጉምታ ቀርታለች፣ በ3ኛም በ4ኛም አንድ ዓይነት አይደለችም። ማርሚታው ከኋላ አንድ መስቀያ ጎማ ጎድሎት ወለሉን ይነካል። መስቀያው ሰኞ ይመጣል። ባለቤቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ አራቱን የፍላንጃ ዳዶዎችና ስድስቱን የጎሚኒ ቡሎኖች ለማስፈተሽ ተቀጥረዋል፤ የተበየደው ላሜራም ያን ጊዜ ይታያል።